ከታይሮይድ ሕመም ጋር የሚዛመደው የአንጎል መታወክ፦ ምርመራውና ሕክምናው

ሀዋሳ፦ የታይሮይድ ዕጢ ሕመም ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ በቅድሚያ የሚያመራው ወደ እንቅርት ነው። አንገት ላይ የሚታይ እብጠት ለዓይን ግልጽ በመሆኑ ሕመምተኛውም፣ ቤተሰቡም፣ ጎረቤቱም ምንነቱን ለመገመት አይቸገሩም። ከዚሁ ዕጢ ጋር የሚዛመድ ሆኖ አንገትን ሳይሆን አንጎልን የሚያውክ፣ ጠባይን የሚለውጥና ራስን እስከ ማሳት የሚያደርስ ሕመም መኖሩ ግን እምብዛም አይታወቅም። ሕመሙ የሚያጠቃቸው ሰዎች ቁጥር አነስተኛ ነው። ይሁንና ከአእምሮ ሕመም፣ ከሚጥል በሽታ፣ ከስትሮክና ከመርሳት በሽታ ጋር ስለሚመሳሰል፣ በጊዜ ከተደረሰበትም በመድኃኒት ሊሻሻል ስለሚችል፣ ሳይታወቅ መታለፉ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም።

ለአብነት በሀዋሳ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠሩ የአርባ አምስት ዓመት ወይዘሮ እናስብ። ለሃያ ዓመታት የፋይል ቁጥር በቃላቸው ሲይዙ የኖሩት እኚህ ሠራተኛ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የመዘገቡትን ደብዳቤ ያስቀመጡበትን መርሳት ይጀምራሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ አረማመዳቸው ይንገዳገዳል። አንድ ቀን በስብሰባ መካከል ንግግራቸው ይቋረጥና ለግማሽ ሰዓት ያህል ቃል ማውጣት ይሳናቸዋል፤ በማግስቱ ደህና ሆነው ይገባሉ። ከዚያም ሰዎች ይከታተሉኛል ማለት ይጀምራሉ። በመጨረሻም ሌሊት ላይ አንዘፍዝፎ ይጥላቸዋል። በዚህ መካከል የቅርብ ኃላፊያቸው ስለ ሥራ መጓደል ሁለት ማስጠንቀቂያ ጽፈውባቸው፣ ቤተሰባቸውም ጠበል ወስዷቸው ሊሆን ይችላል። እኚህ ወይዘሮ በምሳሌነት የቀረቡ እንጂ በስም የሚታወቁ አይደሉም፤ የሕመሙ አካሄድ ግን በሕክምና መጻሕፍት ከሰፈረው ጋር አንድ ነው።

በአገራችን እንዲህ ያለ ምልክት በቅድሚያ ከመንፈስ ጋር መያያዙ አዲስ ነገር አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ተዘዋውረው ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ባካተተ ጥናት ከ1 ሺህ ሰዎች መካከል 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ያረጋገጡ ሲሆን፣ በዚያው አካባቢ በተደረገ ተከታይ ጥናትም ሕመሙን ከክፉ መንፈስ ጋር የሚያያይዘው ሰው ብዙ መሆኑ ታይቷል። ጥናቶቹ የታተሙት እ.ኤ.አ በ1990 እና 1991 ነው። ጠበል የሚሄድ ሕመምተኛ ሐኪም ዘንድ እንዳይሄድ የሚከለክለው ነገር የለም፤ ችግሩ የሚፈጠረው አንዱ ሌላውን ለወራት ሲያዘገይ ነው።

ታይሮይድ ከማንቁርት በታች፣ ከአንገት ፊት ለፊት የሚገኝ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ዕጢ ነው። የሚያመነጨው ንጥረ ቅመም ወይም ሆርሞን የልብን ምት፣ የሰውነትን ሙቀትና የአንጎልን ንቃት ይቆጣጠራል። ሃካሩ ሃሺሞቶ የተባለው ጃፓናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ በ1912 ከአራት ሴቶች የወጣ የታይሮይድ ዕጢን በአጉሊ መነጽር መርምሮ፣ ዕጢው በነጭ የደም ሕዋሳት ተወርሮ ማግኘቱን በጀርመን አገር መጽሔት ጻፈ። የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የገዛ አካሉን እንደሚያጠቃ የታወቀው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። ዛሬ ይህ የዕጢ ብግነት በስሙ የሃሺሞቶ ሕመም ይባላል።

ከአንጎል ጋር ያለው ዝምድና የተመዘገበው ደግሞ እ.ኤ.አ በ1966 ነው። ሎርድ ብሬን የተባሉት እንግሊዛዊ የነርቭ ሐኪም ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ላንሴት በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ የሃሺሞቶ ሕመም ያለበት አንድ ሰው በተደጋጋሚ ስትሮክ የሚመስል ሁኔታና ራስን የመሳት ችግር እንደደረሰበት ገለጹ። የሐኪሙ የቤተሰብ ስም በእንግሊዝኛ "አንጎል" ማለት መሆኑ በነርቭ ሐኪሞች ዘንድ እስከ ዛሬ ፈገግ የሚያሰኝ አጋጣሚ ነው። ሕመሙ "የሃሺሞቶ ኢንሴፋሎፓቲ" የሚለውን ስም ያገኘው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ በ2000ዎቹ የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ደግሞ በስቴሮይድ መድኃኒት የሚሻሻል መሆኑን የሚያመለክት ረዘም ያለ ስያሜ አቅርበዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የታይሮይድ ሆርሞን እጅግ ሲያንስ አእምሮ ይደነዝዛል፤ አልፎ አልፎም የአእምሮ ሕመም የሚመስል መታወክ ይከሰታል። ሪቻርድ አሸር የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ በ1949 እንዲህ ያሉ 14 ሕመምተኞችን አቅርቧል። የእነዚህ ሕክምና የጎደለውን ሆርሞን መተካት ነው። በሃሺሞቶ ኢንሴፋሎፓቲ ግን የሆርሞኑ መጠን ብዙ ጊዜ ትክክል ወይም በጥቂቱ ብቻ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ታይሮክሲን የተባለውን የሆርሞን እንክብል ብቻ መስጠት አንጎሉን አያድንም። የመከላከያ ኃይሉ አንጎልን በምን መንገድ እንደሚያውክ እስካሁን ተመራማሪዎችን እያከራከረ ነው።

ሕመሙ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን በአራት እጥፍ ገደማ ያጠቃል። ከሕፃንነት እስከ እርጅና ሊከሰት ቢችልም በአብዛኛው የሚታየው በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነው። በጣሊያን በአንድ ሆስፒታል በተደረገ ጥናት ከ100 ሺህ ሰዎች ሁለት ያህሉን እንደሚያጠቃ ተገምቷል።

የደም ምርመራው የሚያሳየውና የማያሳየው

በምርመራው በኩል ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው በአንድ የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ነው። ሰውነት በታይሮይድ ዕጢ ላይ የሚያመርታቸው ፀረ አካላት በደም ምርመራ ይለካሉ። ዋነኛው ታይሮይድ ፐሮክሲዴዝ የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያጠቃው ነው። ሕመምተኛዋ ግራ ተጋብታለች፣ ፀረ አካሉ ከፍ ብሏል፣ ስለዚህ ሕመሙ ይህ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በአሜሪካ በተካሄደና እ.ኤ.አ በ2002 በታተመ አገር አቀፍ ጥናት የታይሮይድ ሕመም ከሌለባቸው ሰዎች መካከል እንኳ 11 በመቶው ይህ ፀረ አካል በደማቸው ተገኝቷል። በሴቶችና በዕድሜ በገፉ ሰዎች ዘንድ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል። ይህ ማለት በስትሮክ፣ በቲቢ ወይም በመጠጥ ምክንያት የታመመ ሰውም እንዲሁ በአጋጣሚ ፀረ አካሉ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው።

የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች እ.ኤ.አ በ2021 ያወጡት ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል። ይህ ሕመም አለባቸው በሚል ጥርጣሬ ከተላኩላቸው 144 ሰዎች ውስጥ የመከላከያ ኃይል ያስከተለው የአንጎል ሕመም የተገኘባቸው ከሩብ ጥቂት የሚበልጡት ብቻ ናቸው። የቀሩት ሌላ ሕመም ነበረባቸው፤ ከእነዚህም የጭንቀትና የድባቴ ችግር ያለባቸው ይገኙበታል። ፀረ አካሉ ጥርጣሬን ያነሳል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ በ2016 ፍራንሴስክ ግራውስ የተባሉት ስፔናዊ የነርቭ ሐኪምና የልዩ ልዩ አገሮች ባልደረቦቻቸው ሐኪሞች ዛሬ የሚመሩበትን መስፈርት አውጥተዋል። በመስፈርቱ መሠረት ሕመምተኛው የአእምሮ መታወክ ከሚጥል ሕመም፣ ከጡንቻ ብርግግታ፣ የሌለ ነገር ከማየትና ከመስማት ወይም ስትሮክ ከሚመስል ሁኔታ ጋር ሊኖረው ይገባል። የታይሮይዱ ችግር ቀላል ወይም ስውር ነው። የአንጎል ኤምአርአይ ምስል ትክክል ወይም የተለየ ነገር የማያመለክት ይሆናል። ፀረ አካሉ በደም ውስጥ ይገኛል። የነርቭ ሕዋሳትን የሚያጠቁ ሌሎች የታወቁ ፀረ አካላት በደምም ሆነ በኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ አይገኙም። ሌሎች ምክንያቶችም በሚገባ ተጣርተው መወገድ አለባቸው። ከሁሉ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ሀዋሳን በመሰለ ከተማ ደግሞ ዋናው ሥራ ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ሀዋሳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሐይቅ ዳር የተመሠረተች ከተማ ስትሆን ወባ ይገኝባታል። ስለዚህ ግራ የተጋባ ወይም ያንዘፈዘፈው ሰው ሲመጣ በቅድሚያ የሚታየው የደም ናሙና የወባው ነው። ቀጥሎ የደም ስኳርና የሶዲየም መጠን፣ ጉበትና ኩላሊት ይፈተሻሉ። የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራ ይደረጋል። የማጅራት ገትር፣ በተለይም ቀስ በቀስ የሚገባው የቲቢ ማጅራት ገትር፣ ሳይጣራ መታለፍ የለበትም። የጫትና የአረቄ አጠቃቀም፣ የቫይታሚን እጥረት፣ የጭንቅላት ጉዳትና የአንጎል እባጭ ይጠየቃሉ። ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው ታይሮይድ ተራ የሚደርሰው። በሌላ በኩል ቲኤስኤች የተባለው መሠረታዊ የታይሮይድ ምርመራ ውድ ወይም የተወሳሰበ ባለመሆኑ ከመጀመሪያዎቹ ምርመራዎች ጋር አብሮ ቢታዘዝ ጊዜ ይቆጥባል።

የማጅራት ገትርን ለማጣራት ከጀርባ አጥንት መካከል በመርፌ ፈሳሽ መውሰድ ግድ ይላል። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ይህ ምርመራ ሽባ ያደርጋል የሚል ሥጋት አለ። መርፌው የሚገባው ኅብለ ሰረሰር ካበቃበት በታች በመሆኑ ሥጋቱ መሠረት የለውም፤ ከምርመራው በኋላ የሚሰማው በአብዛኛው ለጥቂት ቀናት የሚቆይ የራስ ምታት ነው። በሃሺሞቶ ኢንሴፋሎፓቲ ከሚታመሙት በአብዛኞቹ ፈሳሽ ውስጥ የፕሮቲን መጠን ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ግን ብዙም አይታዩም። በቲቢ ማጅራት ገትር ሕዋሳቱ ይበዛሉ፤ የስኳር መጠኑም ይወርዳል። ይህች ልዩነት ሕመምተኛውን ወደ ሁለት የተለያዩ ሕክምናዎች ትመራለች።

የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ኢኢጂ በአብዛኞቹ ሕመምተኞች ላይ የዘገየ ሞገድ ያሳያል፤ ይህም አንጎሉ በእርግጥ መታወኩን ከአእምሮ ጭንቀት ለመለየት ይረዳል። ሌሎቹን የነርቭ ፀረ አካላት መለካት ከሁሉ የላቀ ላቦራቶሪ ይጠይቃል። ከእነዚህ የታወቀው እ.ኤ.አ በ2007 በጆሴፕ ዳልማውና በባልደረቦቻቸው የተገለጸው ኤንኤምዲኤ የተባለውን የነርቭ ተቀባይ የሚያጠቃው ነው። በተለይ ወጣት ሴቶችን የሚይዝ ሲሆን በድንገተኛ የጠባይ ለውጥ ይጀምራል። በሀዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች የሚሠሩ እንደመሆናቸው የፋብሪካ ክሊኒክ ባለሙያ ይህን ማወቁ አይከፋም።

በአገራችን የሪፈራል ሰንሰለት ከጤና ኬላ ተነስቶ በጤና ጣቢያ፣ በመጀመሪያ ደረጃና በጠቅላላ ሆስፒታል አልፎ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይደርሳል። ለሲዳማ ክልል ወረዳዎችና ለአጎራባች አካባቢዎች የመጨረሻው እርከን የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። በከተማዋ የአዳሬ፣ ወደ ደቡብ ደግሞ የይርጋዓለም ሆስፒታሎች ይገኛሉ። የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1998 ዓ.ም በመሆኑ፣ በብዙ ቦታ ሕመምተኛውን በቅድሚያ የሚያየው የውስጥ ደዌ ወይም የአእምሮ ሐኪም ነው። ይህ ጉድለት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ከላይ ከተዘረዘሩት ምርመራዎች አብዛኛውን ጠንቃቃ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሊያከናውናቸው ይችላል። የሚቸግረው ናሙናው ወይም ሕመምተኛው ወደ ሌላ ከተማ መላክ ሲኖርበት የሚባክነው ጊዜና የሚወጣው ገንዘብ ነው።

የአዮዲን ጨው ጉዳይ

በሲዳማ የታይሮይድ ጉዳይ ከአዮዲን ተነጥሎ አይታይም። በሦስት የሲዳማ የገጠር ቀበሌዎች በሚኖሩ እናቶችና በአምስት ዓመት ልጆቻቸው ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ በ2009 የታተመ ጥናት የአዮዲን እጥረትን ከማስተዋል ችሎታ ጋር አያይዞ መርምሯል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ አውጥቷል። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤተሰቦች ዘንድ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 89 በመቶ ደርሷል። ይህ በጥቂት ዓመታት የተገኘ ትልቅ ውጤት ነው፤ በጨው ከረጢት ውስጥ ያለው አዮዲን መጠኑን የጠበቀ መሆን አለመሆኑ ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ዴንማርክ እ.ኤ.አ በ2000 አዮዲንን በጨው ውስጥ ግዴታ ካደረገች በኋላ የታይሮይድ ፀረ አካል ያለባቸው ሰዎች ቁጥር መጨመሩን ተመራማሪዎቿ አስተውለዋል። ይህ ጨውን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ የአዮዲን እጥረት በልጆች አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ነገር ግን ከእንቅርት ወደ ሃሺሞቶ የሚደረግ ሽግግር በእኛም አገር ሊጠበቅ ይገባል፤ የቲኤስኤች መመርመሪያ ኬሚካል ግዢ ሲታቀድ ይህ ቢታሰብበት መልካም ነው።

ሕክምናውና ጥንቃቄው

ሕመሙ በመስፈርቱ መሠረት ከተረጋገጠ የመጀመሪያው ሕክምና ስቴሮይድ ነው። በተለምዶ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት በቀን 1 ግራም በደም ሥር ከ3 እስከ 5 ቀናት ይሰጣል፤ ከዚያም የፕሬድኒሶሎን እንክብል ይቀጥልና መጠኑ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። የሚሻሻል ሕመምተኛ ለውጡ ከቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይታይበታል። ለሚጥለው ሕመም የተለመዱት መድኃኒቶች ይታከላሉ። ሆርሞኑ ካነሰም ታይሮክሲን ይጨመራል። ታይሮክሲን ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት አስቀድሞ በውሃ የሚወሰድ ሲሆን ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል። ቀኑ በቡና በሚጀመርበት በሲዳማ ይህ ምክር ለሕመምተኛው በግልጽ መነገር ያለበት ነው።

ሁሉም ግን አይሻሻልም። እ.ኤ.አ በ2020 በኒውሮሎጂ መጽሔት የታተመ የስፔን ሐኪሞች ጥናት፣ አዲሱን መስፈርት ካሟሉት ሕመምተኞች መካከል ለስቴሮይድ በሚገባ መልስ የሰጡት ሲሦ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አመልክቷል። ቀደም ያሉት ጽሑፎች ከፍተኛ የፈውስ መጠን ያስመዘገቡት መሻሻልን ራሱን እንደ መለያ ይወስዱ ስለነበር ነው። ስቴሮይድ ላልረዳቸው የፀረ አካል መርፌ፣ የደም ፕላዝማ መለወጥ፣ አዛታዮፕሪን ወይም ሪቱክሲማብ የተባሉት መድኃኒቶች ይሞከራሉ። ከእነዚህ ዋጋው ቀለል የሚለው አዛታዮፕሪን ነው።

ስቴሮይድ የመከላከል አቅምን የሚቀንስ በመሆኑ በእኛ አገር ሁኔታ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። የተደበቀ ቲቢ ሊቀሰቀስ ይችላል። ስትሮንጂሎይድስ የተባለው የአንጀት ትል በስቴሮይድ ምክንያት በመላ ሰውነት ተሠራጭቶ ሊገድል ስለሚችል ከሕክምናው በፊት ሰገራ መመርመር ወይም የትል መድኃኒት መስጠት ይመከራል። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም እንዲሁ። የደም ስኳርና የደም ግፊት ይጨምራሉ፤ አጥንት ይሳሳል፤ እንቅልፍ ይነሳል፤ አንዳንዴም መድኃኒቱ ራሱ የአእምሮ መታወክ ያስከትላል። ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን ለክብደት፣ ለቆዳና ለወገብ ሕመም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወሰዱ የሚታይ ነገር በመሆኑ፣ አዲስ ሕመምተኛ ቀደም ሲል የወሰደው መድኃኒት ካለ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ድንገተኛ ማቋረጥ ነው። ለሳምንታት ስቴሮይድ የወሰደ ሰው የራሱ አካል ተፈጥሯዊውን ማምረት ስለሚያቆም፣ መድኃኒቱ ባንድ ጊዜ ሲቋረጥ የደም ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል። ሕመሙም ቢሆን መጠኑ ሲቀነስ አገርሽቶ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በሆስፒታሉ የመድኃኒት ቤት ፕሬድኒሶሎን ለሁለት ሳምንት መጥፋቱ ከባድ አደጋ አለው። ፕሬድኒሶሎንም ታይሮክሲንም በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሚገኙ ናቸው።

በመግቢያው ወደ ተነሱት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስንመለስ፣ ታክመው ቢሻሻሉ እንኳ ከሆስፒታል በወጡ ማግስት ወደ ቀድሞ ሥራቸው ሙሉ በሙሉ አይመለሱም። የማስታወስ ችሎታ የሚመለሰው ከሌላው ዘግይቶ ነው። እንቅልፍ ማጣትና የፊት ማበጥ መድኃኒቱ እስኪቀንስ ይቆያሉ። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የሕመም ፈቃድ የሚፈቅድ በመሆኑ የሐኪሙ ማስረጃ በግል ማኅደራቸው ሲገባ፣ ቀደም ሲል የተጻፉት ማስጠንቀቂያዎች ከሕመሙ መነሻ ቀን ጋር ተነጻጽረው እንደገና ቢታዩ ለሰው ሀብት ክፍሉ የሚከብድ አይሆንም። የሕክምና ቦርድ አስተያየት ከተጠየቀም ጥያቄው ሕመሙ በተባባሰበት ሳምንት ሳይሆን ሕክምናው ከተጀመረ ከወራት በኋላ መቅረብ ይኖርበታል። ሠራተኛዋ ወደ ገጠር ወላጆቻቸው ዘንድ ለማረፍ ቢሄዱ ደግሞ በቦርሳቸው የሚይዙት ወረቀት የሚወስዱትን መድኃኒት ስም፣ የዕለቱን መጠንና የሚቀነስበትን ቀን የሚገልጽ ሆኖ፣ ሲያስመልሳቸው ወይም መድኃኒቱን መዋጥ ሲሳናቸው ሰዓት ሳይፈጅ በአቅራቢያ ጤና ጣቢያ በመርፌ እንዲሰጣቸው የሚያዝ ሊሆን ይገባል።